ጋንቾው ስንት ይችላል?

አሜሪካ የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ ቤት ያለው መኪና ገዝቶ ትንሿን መኪናውን ከኋላ አስሮ ሊጎትት ነው። «ጋሼ፣ ጋንቾው ላይ የተጻፈው ኪሎ ምን ማለት ነው?» አለኝ። የታሪክ አስተማሪ ይህም ይጠየቃል!

መለስኩለት፦ ጎታቹ፣ ጋንቾው፣ ማሰሪያው ብረት፣ ሁሉም የየራሳቸው ልክ አላቸው። አንተን የሚገዛህ ከሁሉም ትንሹ ቁጥር ነው። መኪናዋ በአራት ጎማዋ የምትሄድ ከሆነ ጋንቾው ላይ የሚያርፈው ክብደት ጥቂት ነው። የሚፈትንህ ጉተታው ነው፣ ከዚያም ፍሬኑ።

ይህን ስጽፍ ሴባስቶፖል ትዝ አለኝ። ጋፋት ላይ የተሠራው ይህ የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ 7 ቶን ያህል ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ገደማ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። ጎታቹ ሞተር ሳይሆን በጠፍር የታሰረ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ነበር። መንገዱም አልነበረም፤ ንጉሡ ራሳቸው ከወታደሩ ጋር ድንጋይ እያነሡ ነው ያስጠረጉት።

እስቲ እናስላው። በ100 ሜትር 30 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ ያ ብረት ወደ ኋላ የሚስበው 2 ቶን ያህል ነው፤ የጎማው ፍትጊያና ጭቃው ሳይታሰብ። ዳገቱስ ይሁን፤ ሰው ሲደክም ጎማው ሥር ድንጋይ ይሸጉጥና ያርፋል። ወደ ጅዳና ወደ በሽሎ ቁልቁለት ሲወርዱ ግን ያው 2 ቶን ወደ ፊት ነው የሚገፋው። ፍሬኑ እንግዲህ ከኋላ ጠፍር ይዞ የሚንፏቀቀው ሰው ነው። የተሳቢ ሹፌር የሆናችሁ ይህ ይገባችኋል።

የኛ ሰቆጣ እዚህ ላይ ትገባለች። ዋግሹም ጎበዜ አባታቸውን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ቴዎድሮስ ስለገደሉባቸው ሸፍተው ነበር። ጦሩ እየሳሳ፣ በመድፍ ታስሮ በዝግታ የሚሄድን ንጉሥ መንገድ ላይ ሊገጥሙት ይችሉ ነበር እላለሁ። አልገጠሙም። እንግሊዞቹም በአሸንጌ አድርገው በእሳቸው ግዛት ሲያልፉ አልከለከሏቸውም።

ናፒየር ደግሞ ሸክሙን ከፋፈለው፤ ትንንሾቹን መድፎች በበቅሎ፣ ከባዶቹን ከሕንድ ባመጣቸው 44 ዝሆኖች ጀርባ ላይ።

ሚያዝያ 3 ቀን አሮጌ ላይ ውጊያው ሲከፈት ከቴዎድሮስ ትልልቅ መድፎች አንዱ ባሩድ በዝቶበት ፈነዳ። እሱም ከልክ በላይ ተጭኖ መሆኑ ነው። ሚያዝያ 6 ንጉሡ ራሳቸውን ገደሉ። ጎበዜ በዚያው ዓመት ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ።

ልጄ፣ አንተ ግን መጀመሪያ ፍሬኑን አስፈትሽ።