ጸጥታ የገለጠው ማዕበል
(በክንፍ ላይ የአየር ነውጥ እንዴት እንደሚነሣ)

ተማሪ በቤተ ሙከራ ያገኘው ውጤት ከመጽሐፉ ጋር ሳይገጥም ሲቀር፣ እኛ መምህራን አብዛኛውን ጊዜ «ተሳስተሃል፤ እንደገና ሥራው» ብለን እናልፈዋለን። ይህ ልማድ ምን ሊያሳጣን እንደሚችል ከአውሮፕላን ክንፍ ታሪክ እንመልከት። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንደሚታወቀው ውሃም ሆነ አየር በሁለት ዓይነት መንገድ ይፈሳል። አንደኛው ንጣፍ በንጣፍ ላይ ሆኖ ሳይደባለቅ የሚሄደው ርጉ ፍሰት ሲሆን፣ ሁለተኛው እየተሽከረከረና እየተደባለቀ የሚሄደው ነውጠኛ ፍሰት ነው። በ1883 ኦስቦርን ሬይኖልድስ በማንቸስተር፣ በመስተዋት ቱቦ በሚፈስ ውሃ ውስጥ ቀለም ለቅቆ ይህን አሳየ። ፍጥነቱ ሲጨምር እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይሄድ የነበረው ቀለም በድንገት ተበተነ። ውሃው አስቀድሞ በገንዳው ውስጥ ከረጋ ግን ቀለሙ በበለጠ ፍጥነትም ሳይበተን ይቆይ ነበር።

በ1904 ጀርመናዊው ሉድቪግ ፕራንትል፣ የአየር ሰበቃ የሚሠራው ገላውን ታክኮ በሚያልፈው ስስ የአየር ንጣፍ ውስጥ መሆኑን አስረዳ። በ1912 የፓሪሱን ግንብ ያሠራው ጉስታቭ ኤፌል ስለ ድቡልቡል ኳስ የአየር መከላከል ያገኘው ቁጥር ከጀርመኖቹ ቁጥር ጋር ከእጥፍ በላይ ተለያየ። ማን ተሳሳተ? ፕራንትል በ1914 በኳሱ ላይ ቀጭን ሽቦ እንደ ቀለበት አሰረና ነፋስ ለቀቀበት። ሽቦው ስሱን ንጣፍ ስላናወጠው አየሩ ኳሱን ሳይለቅ ራቅ ብሎ ሄደ፤ መከላከሉም ቀነሰ። ስለዚህ ልዩነቱ ንጣፉ በአንዱ ዘንድ ርጉ፣ በሌላው ዘንድ ነውጠኛ በመሆኑ የመጣ ነበር። ትንሽ ሻካራነት ነገሩን ሁሉ እንደሚለውጥ ታወቀ።

ቶልሚን በ1929፣ ሽሊኽቲንግ በ1933፣ ነውጥ ከመነሣቱ በፊት በንጣፉ ውስጥ ጥቃቅን ማዕበሎች ማደግ አለባቸው ሲሉ በስሌት አሳዩ። ሆኖም ማዕበሉን በሙከራ ያየ ስላልነበረ ብዙዎች ተጠራጠሩ። በ1940 ገደማ ሹባወርና ስክራምስታድ በዋሽንግተን በነፋስ ዋሻቸው ውስጥ ወንፊቶችን ደርድረው የነፋሱን መናወጥ ከ1 በመቶ አንድ አሥረኛ በታች አወረዱት። ያን ጊዜ ማዕበሎቹ ታዩ። ቀድሞም የሉም ማለት ሳይሆን፣ በዋሻዎቹ ሁከት ተሸፍነው ነበር። ተመራማሪዎቹ በድምፅ ማጉያ፣ በኋላም በሚንቀጠቀጥ ስስ የብረት ጥብጣብ ማዕበሉን ራሳቸው አስነሡት፤ ስሌቱ እንዳለው አንዳንዱ አደገ፣ ሌላው ጠፋ። በጦርነቱ ምክንያት ውጤቱ በይፋ የታወቀው ከጦርነቱ በኋላ ነው።

ድምፅ ግን እንዴት ይህን ያደርጋል? የድምፅ ሞገድ ርዝመት ከንጣፉ ማዕበል ርዝመት እጅግ ይበልጣል፤ ስለዚህ በለስላሳ ገጽ ላይ ብቻውን ብዙ አይሠራም። በክንፉ ፊተኛ ጠርዝ ወይም በጉብታ ላይ ሲያርፍ ግን ወደ አጭሩ ማዕበል ይለወጣል። ይህን በ1980ዎቹ ጎልድስታይን በአሜሪካ፣ ሩባን በሶቪየት ኅብረት በስሌት አስረዱ። እንግዲህ ሻካራነትና ድምፅ ተባባሪዎች ናቸው።

ጉዳዩ የነዳጅ ጉዳይም ነው፤ ርጉ ንጣፍ ሰበቃው አነስተኛ ነውና። ነገር ግን በክንፍ ላይ የተጨፈለቀ ነፍሳት እንኳ ያናውጠዋል። በ1963 የበረረው ኤክስ-21 የተባለው አውሮፕላን በስስ ስንጥቆች አየሩን እየሳበ ንጣፉን ለማርጋት ቢሞከርበትም፣ ነፍሳትና ቆሻሻ አስቸግረውታል።

በክፍላችን የዕጣን ጭስ በቂ ነው። መስኮት ተዘግቶ ሁሉም ጸጥ ሲል ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከዚያም ይበተናል። በሩ ሲከፈት የሚበተንበትን ከፍታ ተማሪዎች ለክተው ያነጻጽሩ። የሁለት ቡድኖች ቁጥር ቢለያይ አንዱን ከመሰረዛችን በፊት «ክፍሉ ምን ያህል ጸጥ ያለ ነበር?» ብለን እንጠይቅ። ፕራንትልም ከሽቦው የደረሰው ልዩነቱን ስሕተት ብሎ ባለመጣሉ ነው።