የዊንዶውስ አክቲቬሽን ችግር (የኮምፒውተር እቃ ሲቀየር)

ሕጋዊ ዊንዶውስ የተጫነበት ኮምፒውተር ውስጡ ያለ እቃ ሲቀየርለት፣ ሲስተሙ ማሽኑን እንደ አዲስ ቆጥሮ ፈቃዱን ሊነሳው ይችላል። ዋናው መንስኤ የማዘርቦርድ መቀየር ነው። ራም መጨመር ወይም ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት ለብቻው አብዛኛውን ጊዜ ችግር አያመጣም።

አመጣጥ

አክቲቬሽን (የፕሮግራምን ፈቃድ የማረጋገጥ ሂደት) በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 2001 በወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። የሐሳቡ ባለቤትነት ግን ፍርድ ቤት አድርሷል። አውስትራሊያዊው ሪክ ሪቻርድሰን ፕሮግራምን ከአንድ ማሽን ጋር ለሚያስተሳስር ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1992 የፓተንት ማመልከቻ አስገብቶ በ1996 ተፈቀደለት። ኩባንያው ዩኒሎክ በ2003 የዊንዶውስን አምራች ማይክሮሶፍትን አሜሪካ ውስጥ ከሰሰ። በኤፕሪል 2009 ሮድ አይላንድ ያሉ ከሕዝብ የተመረጡ ዳኞች 388 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረዱለት፤ ጉዳዩን የያዙት ዳኛ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ፍርዱን ሻሩት። በጃንዋሪ 2011 ደግሞ ይግባኝ ሰሚው ችሎት ፓተንቱ መጣሱን አጽንቶ የካሳው መጠን ብቻ እንደገና እንዲታይ አዘዘ። ሁለቱ ወገኖች በ2012 ታርቀዋል፤ የተከፈለው ገንዘብ ይፋ አልሆነም።

አሠራር

ኤክስፒ የፕሮሰሰሩን፣ የሃርድ ዲስኩን፣ የኔትወርክ ካርዱንና የሌሎች እቃዎችን መለያ መዝግቦ ይይዝ ነበር። ብዙዎቹ ከተቀየሩ ባለቤቱ በ3 ቀን ውስጥ እንደገና አክቲቬት እንዲያደርግ ይጠየቅ ነበር፤ ካላደረገ ወደ ሲስተሙ መግባት አይችልም ነበር። ዊንዶውስ 10 በዚህ ረገድ ለዘብ ይላል፦ ከስክሪኑ ታችኛ ጥግ ማሳሰቢያ ይለጥፋል፣ የጀርባ ምስል እንዳይቀየር ይከለክላል እንጂ ማሽኑ መጻፉንም ማተሙንም አያቆምም።

ከዊንዶውስ 8 ወዲህ በፋብሪካ የተጫነ ዊንዶውስ የፈቃድ ቁልፉ በማዘርቦርዱ (በዋናው ሰሌዳ) ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ሰሌዳው ሲነሳ ቁልፉም አብሮት ይሄዳል። ከሌላ ማሽን የመጣ ሰሌዳ የራሱን ቁልፍ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ሆኖም የሰሌዳው ቁልፍ የሆም እትም ሆኖ የተጫነው ፕሮ ከሆነ አይጣጣሙም።

በቢቸናና በሞጣ

ደጀንን ከባሕር ዳር በሚያገናኘው መንገድ ላይ ባሉት በሁለቱ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ መለስተኛ ከተሞች ሁሉ፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ሲበላሽ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው አዲስ ከመግዛት ይልቅ ማስጠገን ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ፓወር ሰፕላይንና ማዘርቦርድን ሊያቃጥል ይችላል፤ ጠጋኙም ያገለገለ ሰሌዳ ይገጥማል።

ሰሌዳው ሲቀየር የተነሳውን የዊንዶውስ ፈቃድ ለማስመለስ በዋናነት ኢንተርኔት ያስፈልጋል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መገባደጃ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይህ መንገድ በሞባይል ዳታ ብቻ ለሚገናኝ ሰው ለወራት ተዘግቶ ነበር።

አንዳንዴ ጥፋቱ የሰሌዳው ሳይሆን ሰሌዳው ላይ ያለው፣ ሰዓቱን የሚይዘው ክብ ባትሪ ነው። ባትሪው ሲደክም ማሽኑ በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ከአክቲቬሽን ሰርቨሩ ጋርም መገናኘት ያቅተዋል። ይህን ለማወቅ ከሰዓቱ ጎን ያለውን ዓመተ ምሕረት ማየት ይበቃል።

መፍትሔ

ከእ.ኤ.አ. ኦገስት 2016 ወዲህ ዊንዶውስ 10ን ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ማያያዝ ይቻላል። ማያያዙ ሰሌዳው ከመቀየሩ በፊት መደረግ አለበት። ሰሌዳው ከተቀየረ በኋላ በአክቲቬሽን ገጹ ላይ «ትረብልሹት»ን ነክቶ እቃ መቀየሩን መግለጽ ነው። ከፋብሪካ ጋር የመጣ ፈቃድ ግን ወደ ሌላ ማሽን እንዲዛወር ስለማይፈቀድለት፣ ይህ መንገድ ሁልጊዜ አይሠራም፤ በችርቻሮ የተገዛ ፈቃድ የተሻለ ዕድል አለው።

ሕግ

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓ.ም.) የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መድቦታል። «ክራክ» (አክቲቬሽኑን ያለ ፈቃድ የሚያልፍ ፕሮግራም) ማሳሰቢያውን ቢያጠፋም ፈቃድ አይሆንም።