ከአሸተን ሥር እስከ አራት ኪሎ፦ ድምፁ የማያሸንፍ ተመራጭ ንግግር ምን ይሠራል?

ስለ ኢትዮጵያ ፓርላማ የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን ይከተላል፤ የምርጫ ውጤትንና የጸደቁ አዋጆችን። በሁለቱ መካከል ያለው የዘወትር ሥራ፣ ማለትም አንድ አባል እጁን አውጥቶ የሚያቀርበው ጥያቄ፣ በረቂቅ ላይ የሚሰነዝረው አስተያየትና የሚያስመዘግበው ተቃውሞ፣ ተመራማሪ አጥቶ ቆይቷል። ለዚህ ችላ መባል የሚሰጠው ምክንያት ቀላል ነው፤ ውጤቱ አስቀድሞ በታወቀበት ምክር ቤት ንግግር ለውጥ አያመጣም ይባላል። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ግን መለኪያው ራሱ ስቷል ብሎ ነው። የአናሳ ተመራጭ ንግግር የዕለቱን ድምፅ ለመለወጥ እምብዛም አይችልም። ዋጋው ያለው መንግሥት ምክንያቱን በአደባባይ እንዲናገር በማስገደዱና ውድቅ የሆነውን ሐሳብ በመዝገብ በማኖሩ ላይ ነው።

ላሊበላ የምትገኝባት ላስታ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። ትውፊት ከንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ጋር የሚያያይዘው የአሸተን ማርያም ገዳም ከላሊበላ ከተማ በላይ በተራራው ላይ ይገኛል፤ ዙሪያው መሬቱ ተዳፋት፣ ማሳው ጠባብ ነው። በ1997 የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ከደረሰባቸው የሰሜን ወሎ አካባቢዎች አንዱም ይኸው ነው፤ ተመራጩ መንግሥትን የሚጠይቅበት ጉዳይ አያጣም። በዚያው ዓመት ግንቦት በተካሄደው ምርጫ ላሊበላን ይጨምር የነበረው የቡግና ምርጫ ክልል አቶ ልደቱ አያሌውን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መረጠ። ከምርጫው በኋላ ከተቃዋሚው ቅንጅት አሸናፊዎች ብዙዎቹ ወደ ምክር ቤቱ ላለመግባት ሲወስኑ፣ አቶ ልደቱና ፓርቲያቸው ኢዴፓ መግባትን መረጡ፤ ወቀሳውም ወዲያው ተከተለ። እስከ 2002 የዘለቀው ያ ምክር ቤት ከዚያ በኋላ ከመጡት ሁሉ የተለየ ነበር፤ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የገንዘብ ምክትል ሚኒስትር የነበሩት አንጋፋው አቶ ቡልቻ ደመቅሳን የመሰሉ የበጀት ሠንጠረዥ ማንበብ የሚያውቁ ተቃዋሚዎችም ተቀምጠውበታል።

የእነዚህ ሰዎች የሥራ መሣሪያ ምን ነበር? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። ይኸው አንቀጽ አስፈጻሚውን በሚመለከት ጉዳይ ላይ ምክር ቤቱ የግድ እንዲወያይ የአባላቱን አንድ ሦስተኛ ጥያቄ ይሻል። ከ547 መቀመጫ አንድ ሦስተኛ የሌለው ወገን አጀንዳ መትከል አይችልም ማለት ነው፤ የሚቀረው በሌሎች አጀንዳ ላይ መናገር ነው። እሱም ቢሆን በተለካ ደቂቃ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲገኙ የብዙ አባላት ጥያቄ በአንድ ላይ ይሰበሰባል፤ መልሱ ረጅም ይሆናል፤ ጠያቂው «አልተመለሰልኝም» ብሎ የሚነሣበት ዕድል ጠባብ ነው። ስለዚህ በዚህ ቤት የተካነ ተናጋሪ ጥያቄውን የሚያዘጋጀው ለመልሱ ሳይሆን ለጥያቄው መንደርደሪያ ነው። «የተከበሩ አፈ ጉባዔ» ብሎ ከጀመረ በኋላ የሚያቀርባቸው ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ቁጥሩንና ቅሬታውን መዝገብ ላይ ካዋሉ፣ ባለሥልጣኑ የሸሸው ነገር ምን እንደነበር አንባቢ ማየት ይችላል።

ይህ ከንቱ መጽናኛ እንዳልሆነ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ታሪክ ያስረዳል። አዋጅ ቁጥር 652/2001 በሰኔ 2001 መጨረሻ የጸደቀው በ286 ድጋፍና በ91 ተቃውሞ ነበር። በዚያን ጊዜ ሕጉ ላይ ይነሣ የነበረው ዋና ነቀፋ የሽብር ትርጓሜው ሰፊ መሆኑና ሐሳብን በመግለጽ ላይ አደጋ መጋረጡ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ቁጥር 621/2001ም ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ በመከልከሉ ተነቅፏል። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ አዋጅ 1113/2011 እና አዋጅ 1176/2012 ሁለቱን ተኳቸው። ልብ ማለት የሚገባው ተኪዎቹን ያጸደቀው በ2007 ምርጫ አንድም ተቃዋሚ ያልገባበት ምክር ቤት መሆኑ ነው። ተቃዋሚዎቹ ከቤቱ ከወጡ በኋላ ነቀፋው በራሱ በገዢው ወገን ድምፅ ሕግ ሆነ።

ለውጡን ያመጣው ከ2008 ወዲህ የተቀጣጠለው የአደባባይ ተቃውሞ እንጂ የፓርላማ ንግግር አይደለም የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ትክክል ነው። ጉልበቱ ከአደባባይ መጣ፤ አዲሶቹን ሕጎች ያረቀቁት ባለሙያዎችም የ2001ን ክርክር ገልጠው እንደተጠቀሙበት የሚያሳይ ነገር እኔ አላገኘሁም። ይህ ግን የሚያሳየው የንግግሩን ከንቱነት ሳይሆን የአያያዛችንን ጉድለት ነው። ነጋሪት ጋዜጣ የሚያትመው ያሸነፈውን ጽሑፍ ብቻ ነው። የሕጉን መንፈስ ለመመርመር የሚሻ ሰው የሚያገኘው ረቂቁን ያመነጨው አካል የጻፈውን ሐተታ ዘምክንያት ነው፤ እሱም የአንድ ወገን ድምፅ ነው። በብሪታንያ የዕለቱ ክርክር ወዲያውኑ ታትሞ ለሕዝብ ይቀርባል፤ እኛ ዘንድ ቃለ ጉባዔው ለተራ አንባቢ በቀላሉ የሚደረስበት አይደለም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የሞራል ነው። በ1998 ወደ ምክር ቤቱ መግባት ለተዛባ ሥርዓት ጌጥ መሆን ነበር ይባላል። ይህን ወቀሳ እንደ ዋዛ የሚያልፍ ሰው የዘመኑን ቁስል አያውቀውም። ሆኖም ተቃዋሚ የማይቀመጥበት ምክር ቤት ምን እንደሚመስልም መመርመር ይገባል። በ2002 ምርጫ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ገዢው ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱ፤ አቶ ልደቱም ተሸነፉ፤ ከተቃዋሚ ፓርቲ የገቡት አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበሩ። አንድ ሰው አምስት ዓመት ሙሉ ብቻውን ሲናገር ጌጥ ነው ማለት ይቻላል፤ ያ አንድ ሰው ባይኖር ግን «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የሚለው ሐረግ የበለጠ በተደጋገመ ነበር። በእኔ ግምት ሥርዓቱን ይበልጥ የሚያስጌጠው ይኸው ሐረግ ነው።

ንግግር ሁልጊዜ የደካማው መሣሪያ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በንጉሡ ዘመን ፓርላማ የባለመሬትና የጭሰኛን ግንኙነት የሚመለከተው ረቂቅ ሲነሣና ሲወድቅ ቆይቶ ሳይጸድቅ አብዮቱ ደረሰ፤ ለእጩነት የንብረት መመዘኛ በተቀመጠበት ቤት ክርክር ማዘግያም ነበር። ያንን ማዘግየት በማን ቃልና በምን ምክንያት እንደተፈጸመ የምናውቀው እንኳ ንግግሩ ተጠብቆ ከተገኘ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ነው። ከ1987 ወዲህ ያለው ቃለ ጉባዔ በአባል ስምና በምርጫ ክልል ተለይቶ ይታተም፤ የላሊበላ መምህርም የወረዳው ተመራጭ በአምስት ዓመት ውስጥ ምን እንደተናገረ፣ ምንስ ሳይናገር እንደቀረ ለተማሪዎቹ ማሳየት ይቻለው።