ሞሃመድ አሚን፦ የሕይወትና የሙያ ታሪክ

ኬንያዊው የፎቶግራፍና የፊልም ባለሙያ ሞሃመድ አሚን በ1977 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የደረሰው ረሃብ በዓለም ሕዝብ ዘንድ እንዲታወቅ ካደረጉ ጋዜጠኞች መካከል በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ።

ነሐሴ 23 ቀን 1935 ዓ.ም. በናይሮቢ ተወለዱ። በወጣትነታቸው በዳሬሰላም ካሜራፒክስ የተባለውን ድርጅት መሥርተው ሥራቸውን በኋላ ወደ ናይሮቢ አዛወሩ። የ1956ቱን የዛንዚባር አብዮት ዘግበዋል፤ በ1961 ዓ.ም. የኬንያው ሚኒስትር ቶም ምቦያ በጥይት ከተመቱ በኋላ የነበረውንም ሁኔታ በፊልም አስቀርተዋል። ወደ መካ የሚደረገውን የሐጅ ጉዞ የሚያሳይ የፎቶግራፍ መጽሐፍም አሳትመዋል።

በመስከረም 1977 ዓ.ም. አሥረኛው የአብዮት በዓል በአዲስ አበባ በድምቀት ሲከበር፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ድርቁ የብዙ ወገኖችን ሕይወት እየቀጠፈ ነበር። የእርዳታ ጥሪዎች አስቀድመው ቢተላለፉም በቂ ምላሽ አላገኙም። ሞሃመድ አሚን ከቢቢሲው ዘጋቢ ማይክል በርክ ጋር ወደ ኮረምና መቀሌ ተጉዘው በመጠለያዎች የነበረውን ሁኔታ ቀረጹ። ዘገባው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ከተላለፈ በኋላ በበርካታ አገሮች የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ታየ። የመንግሥታትና የሕዝብ እርዳታ ጨመረ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው የላይቭ ኤይድ የሙዚቃ ዝግጅትም ለተጎጂዎች ገንዘብ አሰባሰበ። በቁጥርና በደብዳቤ ሲገለጽ የቆየው ችግር የሰው ፊት ሆኖ ሲታይ ችላ ለማለት አዳጋች ሆነ።

ሙያው ግን ከባድ ዋጋ አስከፍሏቸዋል። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጥይት ማከማቻ ሲፈነዳ በመዘገብ ላይ ሳሉ ግራ እጃቸውን አጡ፤ የሥራ ባልደረባቸው ጆን ማታይም ሕይወታቸው አለፈ። ሞሃመድ አሚን በሰው ሠራሽ እጅ እየታገዙ ወደ ካሜራቸው ተመለሱ።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲጓዙ የተሳፈሩበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ፣ ነዳጁ አልቆ በኮሞሮስ አቅራቢያ ባሕር ላይ ወደቀ። በአውሮፕላኑ ከነበሩት 175 ሰዎች መካከል 125ቱ ሲሞቱ፣ ሞሃመድ አሚንም በ53 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በኮረምና በመቀሌ የቀረጿቸው ምስሎች የዚያን ዘመን ሰቆቃ ለትውልድ የሚያስተላልፉ ማስረጃዎች ሆነው ይኖራሉ።