«ሰወረ»፦ የአንድ ቃል ትርጉምና የምዕራብ ጎጃም ተጋድሎ

አማርኛ ከዐይን ማራቅን የሚገልጽባቸው ቃላት ብዙ ናቸው፤ «ደበቀ»፣ «ሸሸገ»፣ «ሰወረ»። ከእነዚህ መካከል ከግዕዝ የተወረሰው «ሰወረ» ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል መሸፈን፣ በሌላ በኩል መከለልና መጠበቅ ነው። ደመና ፀሐይን ይሰውራል፤ ማየት የተሳነው ሰው ዐይነ ስውር ይባላል፤ ጫካና ገደል የከለለው ስፍራ ሰዋራ ነው። ሽማግሌ ሲመርቅ ግን «ከክፉ ይሰውራችሁ» ይላል። የያዘውን ሰው ከእይታ ያጠፋል የሚባልለት የዕፀ መሰውር አፈ ታሪክም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። በእንግሊዝኛም መደበቅና የእንስሳ ቆዳ በአንድ ድምፅ «ሃይድ» ይባላሉ፤ ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ሁለቱንም «መሸፈን» ከሚል ጥንታዊ ሥር ያመጧቸዋል። ቆዳ አካልን የሚሸፍነው ሊጠብቀው ነውና።

የቃሉ ሁለት ገጽታ በምዕራብ ጎጃም ገጠር በተግባር ታይቷል። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ጎጃምን ከያዘ በኋላ፣ በ1930 ዓ.ም. ዐመፁ ሲቀጣጠል አርበኛው በሰዋራ ስፍራ ተጠለለ። ይሁን እንጂ ጫካ ብቻውን አርበኛ አይሰውርም። ስንቅ የሚያቀብል፣ የጠላትን አካሄድ የሚጠቁም፣ ሲጠየቅም «አላየሁም» የሚል ገበሬ ያስፈልጋል። በጠላት ይዞታ ውስጥ እየኖሩ መረጃና ጥይት ያሾልኩ የነበሩት «የውስጥ አርበኞች» የተባሉትም ስለዚህ ነው።

በነሐሴ 1932 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ የመራው ልዑክ ጎጃም ገብቶ በሰከላ ደጋ፣ በፋጉታ ሰፈረ። በጠላት ምሽጎች መካከል ለወራት ሊቆይ የቻለው አገሬው ስለሰወረው ነው። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ደግሞ ከ2,000 ያነሰው የዊንጌት ጌዴዎን ጦር በቡሬ ምሽግ ላይ ሲዘምት ጥቂትነቱን በሌሊት ጥቃት ሰወረ። በወሩ መጨረሻ የጠላት ጦር ቡሬን ለቆ፣ ዛሬ የፍኖተ ሰላም ከተማ ባለችበት መሥመር ወደ ደምበጫ አፈገፈገ።

የጎንጅና የዋሸራ የቅኔ ቤቶች ባሉበት በጎጃም ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በቅኔ ሰሙ ወርቁን የሚሸፍነው ሊያጠፋው ሳይሆን ለሚገባው ሰው ሊያቆየው ነው። የገበሬውም ዝምታ እንዲሁ ነበር።

የመሪዎች ስምና የውጊያ ቀን በመጻሕፍት ሰፍሯል። አርበኛውን የሰወረው ገበሬ፣ ስንቅ የፈጨችው እናት ግን ራሳቸው በታሪክ ውስጥ ተሰውረው ቀርተዋል። መምህሩና የኪነ ጥበብ ሰው ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው አንደበት ታሪካቸውን ሊሰበስቡ ይገባል። የጠላት ዐይን ያላገኛቸውን ወገኖች የትውልድ ዐይን ሊያጣቸው አይገባም።