የጄፒ ሐኪሞችና የእኛ ድድ

ጆሐንስበርግ እየኖረ ጄፒ መንገድ ላይ ያለውን «ሜዲካል አርትስ» የተባለ ሕንፃ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አለ ለማለት ይቸግራል። ጂንሱም፣ ብርድ ልብሱም፣ ቡናውም እዚያ ነው። የሕክምና ስም ከጂንስ ጋር ምን አገናኘው ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። እኔ አገር ቤት የታሪክ መምህር ስለነበርኩ፣ ታክሲዬን አቁሜ ደንበኛ ስጠብቅ እንዲህ ያለውን ነገር ማመንዠክ እስከ ዛሬ አልተወኝም።

ያ አካባቢ የሐኪሞች ሠፈር ነበር። ዛሬ እየሸነሸንን ሱቅ ያደረግናቸው ክፍሎች የሐኪሞች መመርመሪያ ነበሩ። ሐኪሞቹ መሐል ከተማውን እየተዉ ወደ ሰሜኑ ሠፈሮች ሲሄዱ ሕንፃዎቹ ተራቆቱ፤ ከ1990ዎቹ ወዲህ የመጣው የእኛ ሰው ገባባቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መንገዱ ራሱ በ2014 ራሂማ ሙሳ ተብሏል፤ እኛ ግን ጄፒ ማለታችንን አልተውንም። እዚያው መንገድ ላይ ሊስተር የሚባል የሐኪሞች ሕንፃም አለ። ስሙ የሚያስታውሰን በ1867 ቁስል የሚያመረቅዘው በጀርም መሆኑን ተረድቶ በመድኃኒት መከላከልን ያስተማረውን እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ጆሴፍ ሊስተርን ነው። በ1879 አሜሪካ ውስጥ የተቀመመው የአፍ መጉመጥመጫ ሊስተሪንም ስያሜውን ያገኘው ከእርሱ ነው።

እኔም ከሊስተር ጋር የተዋወቅሁት በዚህ ጠርሙስ ነው። ጥርሴን ስቦርሽ ምራቄ መቅላት ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። አያመኝም፤ ስለማያመኝም ተጉመጥምጬ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ቆሎ ስቆረጥም አንዱ የታች ጥርሴ ተነቃነቀ። «ጥርሴን የነቀልኩበት ሙያ መምህርነት ነው» እያልኩ እቀልድ የነበርኩት ሰውዬ ያን ጊዜ ቀልዱ ጠፋኝ።

የጥርስ ሐኪሟ መጀመሪያ ያነሳችው ጉጠት አልነበረም። ሚሊ ሜትር የተሰመረበት ቀጭን ብረት በድዴና በጥርሴ መካከል እያስገባች ቁጥር ትጠራለች፤ ረዳቷ ትጽፋለች። ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ስድስት፣ ሰባት። እስከ ሦስት ጤና ነው፤ ከአራት ጀምሮ ድዱ ከጥርሱ ተላቆ ኪስ አበጅቷል ማለት ነው። ውጤት ከፍ ሲል የሚታዘንበት ፈተና ያየሁት ያን ቀን ነው። ራጁ ደግሞ ጥርሶቼን የያዘው አጥንት ዝቅ ማለቱን አሳየ። የተጉመጠመጥኩት ሁሉ እዚያ ኪስ ውስጥ እንደማይደርስ፣ ደርሶም ቢሆን እንደ ድንጋይ የጠጠረውን ቆሻሻ እንደማያነሳ ነገረችኝ።

ይህን እውቀት ለማግኘት ዓለም ብዙ ደክሟል። ሆላንዳዊው ሌዉዌንሁክ በ1683 ከገዛ ጥርሱ የፋቀውን ነጭ ቆሻሻ በማጉያ መነጽር አይቶ የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ፍጥረታት እንዳሉበት ጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት የአሜሪካው የጥርስ ሐኪም ጆን ሪግስ ድድን ከመቁረጥ ይልቅ የጥርሱን ሥር መፋቅ ይሻላል ብሎ አስተማረ። በ1910 ግን ዊልያም ሃንተር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ሞንትሪያል ላይ ባደረገው ንግግር የብዙ በሽታ ምንጭ የተበከለ አፍ ነው በማለቱ፣ ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ሊድን የሚችል ጥርስ ሁሉ ያለ ርኅራኄ ተነቀለ።

ክርክሩን የቋጨው ኖርዌጃዊው ሃራልድ ሎ ነው። በ1965 ባሳተመው ጥናት 12 ጤነኛ ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ፤ ማጽዳት ሲጀምሩ በሳምንት ገደማ ዳኑ። እርሱና ባልደረቦቹ በ1986 ያወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ ስለ ስሪላንካ ሻይ ለቃሚዎች ነው። እነዚህ 480 ሰዎች ብሩሽም ሐኪምም አያውቁም ነበር። 8 በመቶዎቹ በሽታው በፍጥነት ሄዶባቸው በ45 ዓመታቸው ጥርስ አልቀረላቸውም፤ 81 በመቶዎቹ ቀስ በቀስ ተጎዱ፤ 11 በመቶዎቹ ከድድ መቆጣት አላለፉም። «አያቴ ሳይቦርሽ በ80 ዓመቱ አጥንት ይሰብር ነበር» የሚለኝ ተሳፋሪ አይጠፋም፤ አያቱ ከ11ዱ አንዱ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ደግሞ አያቱ መፋቂያ አልነበራቸውም ያለው ማን ነው? በ1978 ቦ ኦልሰን የተባለ ተመራማሪ በኢትዮጵያ ተማሪ ቤቶች ባደረገው ጥናት፣ በአግባቡ የተጠቀሙበት መፋቂያ ከብሩሽ እንደማያንስ አሳይቷል። እኛ ወይራውን አገር ቤት ትተን መጣን፤ ብሩሹን ደግሞ ሥራ ስንቸኩል እንረሳዋለን። እናቴ በወሎ ልማድ ድዷን የተነቀሰች ናት። ድዱ እየተወጋ ጥላሸት ይገባበታል፤ ቁንጅና ነው፤ ያጠነክራልም ይባላል። ሐኪሟን ብጠይቃት፣ የጠቆረ ድድ ሲቆጣ መቅላቱ ቶሎ ስለማይታይ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል አለችኝ። የሲጋራም ነገር እንዲሁ ነው፤ አጫሽ በሽታው እያለበት ድዱ ላይደማ ይችላል።

ሕክምናው በማደንዘዣ ከድዱ በታች ያለውን ቆሻሻ መፋቅ ነው፤ ለእኔ በሁለት ቀጠሮ አለቀ። የተነቃነቀው ጥርስ ግን አልተረፈም። የጠፋ አጥንት በአብዛኛው ስለማይመለስ ዓላማው የቀረውን ማቆየት ነው፤ ለዚህም በየሦስት ወሩ መመለስ፣ በጥርሶች መካከልም በየቀኑ ማጽዳት ያስፈልጋል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በተለይ ሊዘናጋ አይገባም፤ ስኳሩ ድዱን ያባብሳል፣ የታመመ ድድም ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል።

ከጄፒ የማሳፍራቸው ወገኖቼ ግን ወደ ጥርስ ሐኪም የሚሄዱት ለማስነቀል ብቻ ነው። ገንዘቡ አንድ ነገር ነው፤ የወረቀት ፍርሃቱም አለ። የ1996ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የጤና አገልግሎት የማግኘት መብትን የሚሰጠው «ለማንኛውም ሰው» ነው፤ በር ላይ የሚቆመው ዘበኛ ሁልጊዜ እንደዚያ አያነበውም እንጂ። የግል ሐኪም ለማይችል፣ ፓርክታውን በሻርሎት ማክሴኬ ሆስፒታል የዊትስ ዩኒቨርሲቲ የአፍ ጤና ማዕከል አለ፤ ተማሪዎች በመምህራኖቻቸው እየተመሩ ያክማሉ። ተማሪ እጅ መውደቅን የሚፈራ ካለ፣ መምህር ቆሞበት የሚሠራ ተማሪ ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ እኔ እመሰክራለሁ።

ባለፈው ወር ስለካ ሰባት የነበረው አራት ሆኗል። እናቴ ስልክ ደውላ «አሁንም ይደማል?» አለችኝ። አይደማም አልኳት። «የአንተስ ይሁን፣ የእኔን ማን ይለካልኛል?» አለችና ሳቀች።