ሰምና ወርቅ፤ ከአንጥረኛ ቤት እስከ ቅኔ ቤት

ንግግሩ ሁለት ፍች ያለውን ሰው ሁሉ «በሰምና ወርቅ ተናገረ» ማለት ለምደናል። የቅኔ መምህራን ግን እንዲህ በጅምላ አይናገሩም። በጎንጅ፥ በዋሸራና በዋድላ ጉባኤያት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትምህርት መንገዶቹን ለያይቶ፥ ለየአንዳንዳቸው ስም ሰጥቶ ያስተምራል።

ስሙ የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው የሚሠራውን ጌጥ አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው በእሳት ሲግል ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ባዶ በቀረው ስፍራ የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። ጭቃው ሲሰበር ወርቁ የሰሙን መልክ ይዞ ይገኛል። እንግዲህ ሰም ማለት ውሸት፥ ወርቅ ማለት እውነት አይደለም። ሰሙ ባይቀድም ኖሮ ወርቁ መልክ ባላገኘም ነበር።

በቅኔ ቤት በተለይ ሰምና ወርቅ የሚባለው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነገሩ ነው። «የስደት ጎርፍ» ብንል፥ ጎርፍ ሰም፥ ስደት ወርቅ ነው። ኅብር ግን አንዱ ቃል ሁለቱን ፍች ሲይዝ ነው። «አልጋው ተነቃነቀ» ቢባል፥ አንዱ ሰሚ የመኝታውን አልጋ፥ ሌላው «አልጋ ወራሽ» እንደምንለው የንጉሡን ዙፋን ያስባል። ውስጠ ወይራ ደግሞ የነገሩን ታሪክ ለሚያውቅ ብቻ የሚገለጥ ነው። ስደተኛ «ዝናሙ ሲያባራ እንሄዳለን» ቢል፥ የወጣበትን ምክንያት የሚያውቅ ሰው ዝናም ያለው ጦርነቱን መሆኑን ይረዳል።

አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በአገራችን የእጅ ሥራ ሲናቅ ኖሯል። ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» እየተባሉ ይሸሹ ነበር፤ አንጥረኛውም ከስድቡ አላመለጠም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ሊቃውንቱ ግን ለጥበባቸው ቁንጮ ስም በፈለጉ ጊዜ፥ ያገኙት ከዚያው ከተናቀው ወናፍ አጠገብ ነው።

ስለዚህ በዚህ በመጠለያው ልጆች ስናስተምር ትርጉሙን ብቻ አናስጠናቸው፤ ወናፉንና ጭቃውንም እንንገራቸው። ሦስቱን መንገዶች ያልለየ ልጅ የአባቶቹን ንግግር በግማሽ ይሰማል፤ የባለ እጁን ውለታ የረሳ ደግሞ ስሙን እንጂ ነገሩን አላወቀም።